አስቸኳይ፦ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሰመጠብኝ፣ ምን ላድርግ?

ሚሚ መንገደኛ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ተራራውን ጨርሰን እየወረድን ሳለ ፍሬኑ ድንገት ላላ። ስረግጠው እስከ ታች ይሰምጣል። ከፊት ጎማዎቹ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፣ ጭስም አለው። ዳር ይዤ ቆሜአለሁ። የፍሬን ሸራው የተቀየረው በቅርቡ ነው፤ ጋራዡ የማይረባ ሸራ ገጥሞልኝ ይሆን? ታች ከተማዋ ውስጥ በየዓመቱ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን የምንሄድበት ምግብ ቤት አለ፣ ወንበር አስይዘናል። ወጥ ቤቱ በጊዜ ይዘጋል። ውሃ ብደፋበት ቶሎ ይበርዳል?

ቸርኬ፦
ውሃ እንዳትደፊ! የጋለ የፍሬን ዲስክ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ሃዛርድ መብራቱን አብሪ። ሰዎቹ ወርደው ከመንገዱ ራቅ ብለው ይቁሙ። የቆምሽው ኩርባ ላይ ነው?

ጋሽ መሪ፦
ልጄ፣ እንኳን አተረፈሽ። ሌሎቻችሁም ስሙኝ፣ ይሄን ነገር ደጋግሜ እላለሁ። ቁልቁለት በፍሬን አይወረድም፣ በማርሽ ነው የሚወረደው። 1500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 40 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ያ ሁሉ ሙቀት የሆነ ቦታ መግባት አለበት። ሞተሩ ካልያዘልሽ ፍሬንሽ ላይ ነው የሚያርፈው። ዳገቱን በወጣሽበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረጂ የሚባለው ለዚህ ነው። በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳያስገቡ፣ የሚወርዱትንማ ተዋቸው! ነዳጅ ቆጠብን ይላሉ። በአሁኖቹ መኪኖች ማርሽ ውስጥ ሆነሽ እግርሽን ከነዳጁ ስታነሺ ሞተሩ ነዳጁን ራሱ ይዘጋዋል። በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይፈጃል። ስለዚህ ቁጠባው የለም፣ አደጋው ብቻ ነው ያለው።

ሚሚ መንገደኛ፦
ኩርባውን አልፌ ነው የቆምኩት፣ ከሩቅ እታያለሁ። ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፤ ግን መኪናው አውቶማቲክ ነው፣ ማርሽ የለውም።

ደመና፦
ምግብ ቤቱ እግር አውጥቶ አይሄድም እህቴ፣ ተረጋጊ። ደውዪላቸው። እንደምትዘገዩ ንገሪያቸውና በዚያው ከተማው ውስጥ መካኒክ ያውቁ እንደሆነ ጠይቂ። ትንሽ ከተማ ውስጥ ምግብ ቤት ያለው ሰው የማያውቀው የለም።

ቢጫ ቅጠል፦
ውሃ እንዳትደፊበት። በራሱ ይብረድ።

ፔዳል፦
የሸራውን ነገር እዚህ ላይ እንተወው። ሸራ ከመጠን በላይ ሲግል ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ነው፣ መኪናው ግን አልቆም ይላል። የአንቺ ፔዳል ሰምጧል። ይሄ የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም። ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚፈላበት ሙቀት እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ዘይት ብትጫኚው አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል። እግርሽ የሰመጠው ለዚያ ነው። ስለዚህ ጋራዡን ከመውቀስሽ በፊት ሸራውን ሲቀይሩ ዘይቱንም ቀይረው እንደሆነ ጠይቂ። አሁን ኮፈኑን ክፈቺና የዘይቱን መጠን እዪ። ከጎማዎቹ በስተውስጥም የሚንጠባጠብ ነገር ካለ ተመልከቺ።

ጉም ፈሪ፦
እኔ የማይገባኝ ሌላ ነው። በዚህ ወቅት ተራራ መንገድ ምን ያስኬዳል? ቀኑ አጥሯል፣ ጉሙ ይወርዳል፣ እርጥብ ቅጠል አስፋልቱን ያንሸራትታል። በበጋ አትሄዱም?

ደመና፦
ጉም ፈሪ፣ ሰዎቹ ተራራው ላይ ናቸው። ይሄን ሲደርሱ እናወራዋለን።

ሚሚ መንገደኛ፦
አየሁት። መጠኑ በሁለቱ መስመሮች መሀል ነው፣ ቀለሙ ጠቁሯል። የሚንጠባጠብ የለም። ጭሱ ቆሟል። ፔዳሉም እየጠነከረ ነው! አሁን መሄድ እንችላለን?

ፔዳል፦
ገና ነሽ! ሲበርድ ፔዳሉ መመለሱ ዳነ ማለት አይደለም። ያው ዘይት ነው፣ ዳግም ከጋለ ዳግም ይፈላል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቁሚ፣ ቢረዝም ይሻላል። ዲስኩን በእጅሽ እንዳትነኪ። እጅ ፍሬኑንም እንደጋለ አትሳቢው፤ ማርሹን ፒ (ፓርኪንግ) ላይ አድርጊና ከጎማው ስር ድንጋይ ታኮ አድርጊ። መኪናው ከተንሸራተተ ግን ያለ ምንም ማመንታት ሳቢው። መሪውን ወደ ተራራው በኩል አዙሪ፣ ወደ ገደሉ አይደለም።

ቸርኬ፦
አውቶማቲክም ማርሽ አለው ሚሚ። መምረጫው ላይ ኤል ወይም 2 ተጽፎ ይሆናል። መደመርና መቀነስ ምልክት ያለውም አለ። አንዳንዱ ላይ ኦቨርድራይቭ፣ ማለትም ከፍተኛውን ማርሽ፣ ማጥፊያ ቁልፍ ነው ያለው። ከመነሳትሽ በፊት ዝቅተኛውን ያዢ። ሞተሩ ይጮሃል፣ አትደንግጪ፤ የዙሩ መለኪያ ቀዩ ጋ እስካልደረሰ ድረስ ችግር የለውም። መጀመሪያ እዚያው፣ በእግር ጉዞ ፍጥነት ፍሬኑን ሞክሪው። ትንሽ እንኳ ከሰመጠ አትንቀሳቀሺ፣ ጎታች መኪና ጥሪ። ከያዘልሽም ከኩርባ በፊት ጠበቅ አድርገሽ ርገጪና ልቀቂ። እግርሽን ፔዳሉ ላይ አሳርፈሽ አትውረጂ፣ ዲስኩን የሚያግለው እሱ ነው። እርጥብ ቅጠል ያለበት ኩርባ ውስጥ ግን ማርሽ አትቀይሪ፤ ቀድመሽ ጨርሺ።

ጋሽ መሪ፦
ቸርኬ የተናገረው ልክ ነው። እኔ ብሆን ግን አላስነሳውም ነበር። ሰው ተጭኗል፣ ፍሬኑ አንዴ ከድቷል። መካኒኩ ወደ እናንተ ይምጣ።

ሚሚ መንገደኛ፦
ምግብ ቤቱ ጋ ደወልኩ። ሴትየዋ መካኒክ አውቃለሁ፣ እጠይቀዋለሁ አለችኝ። እየጠበቅን ነው። ስልኬ ሊዘጋ ነው።

ቢጫ ቅጠል፦
መካኒኩ ሲመጣ ዘይቱን በዶት 5 ይቀይርልሽ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ይሻላል።

ፔዳል፦
አይሆንም! ዶት 5 ሲሊኮን ነው፣ ከዶት 3 እና ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። ዶት 5.1 ሌላ ነው፣ እሱ ይስማማል። ሚሚ፣ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቢለት። ያንኑ ያምጣ፤ ማሸጊያው ያልተከፈተ ይሁን። አሮጌው ከአራቱም ጎማ ይውጣ፣ ቱቦው ውስጥ ያለው አየርም አብሮ ይውጣ። ከላይ መሙላት ብቻውን አይበቃም።

ደመና፦
ሚሚ፣ መካኒኩ መጣ?