በበጎ ፈቃደኞች ዎርክሾፕ የሳይክል ጥገና መማር፦ ከየት ልጀምር?

ሰላም_ከጀርመን፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰፈራችን ውስጥ በጎ ፈቃደኞች የሚያስተዳድሩት «ዜልብስትሂልፌ ቬርክሽታት» አለ። በሳምንት ሁለት ምሽት ይከፈታል፤ ሰው የራሱን ሳይክል ይዞ ይሄድና በእነሱ መፍቻ ራሱ ይጠግናል፣ እነሱ ያሳዩታል። ረዳት ሆኜ እየሠራሁ መማር እንደምችል ነግረውኛል። የእኔ ዕውቀት ጎማ ከመንፋት አያልፍም።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው፦ በምን ቅደም ተከተል ብማር ይሻላል? ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ምኑን ነው? የራሴን መሣሪያስ መግዛት አለብኝ? እዚያ የሚያስረዱኝ በጀርመንኛ ስለሆነ አስቀድሜ በአማርኛ ገብቶኝ ብሄድ ይቀለኛል።

ካቴና፦

ቅደም ተከተሉ ጎማ፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ፣ ካቴና ይሁን፤ ማርሽ የመጨረሻ። አዲስ ሰው ሁሉ ማርሽ ለማስተካከል ይቸኩላል። «ማርሹ ይዘላል» ተብሎ የሚመጣው ሳይክል ግን አብዛኛውን ጊዜ ካቴናው ያለቀ፣ ገመዱ የዛገ ወይም የኋላ ማርሽ መቀየሪያው የሚታሰርበት ጆሮ የተጣመመ ነው። እነዚህን ሳታዪ ብሎን ማዞር ከጀመርሽ ሁለት ብልሽት ይሆንብሻል።

ጎማ ላይ ትልቁ ትምህርት ልጣፊው አይደለም፣ ቀዳዳው ለምን እንደመጣ ማወቅ ነው። ካላማዳሪውን ከማውጣትሽ በፊት ቫልቩ ከጎማው በየትኛው ቦታ ትይዩ እንደነበረ ምልክት አድርጊ። ከዚያ ነፍተሽ ውኃ ውስጥ ንከሪውና ቀዳዳውን እዪ፦

በመንገዱ በኩል ከሆነ እሾህ ወይም የጠርሙስ ስባሪ ነው። በምልክቱ ለክተሽ ጎማው ላይ ያንኑ ቦታ ፈልጊ፤ በጣትሽ ሳይሆን በጨርቅ ዳስሺው፣ ጨርቁ የተያዘበት ቦታ ላይ ስባሪው አለ። ሳታወጪው ከገጠምሽ ያው ቀዳዳ ይደገማል።

ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ከሆነ ነፋሱ አንሶ ነው፤ ሳይክሉ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ሲመታ ቸርኬው (ጎማው የሚለብስበት ክብ ብረት) ካላማዳሪውን ነክሶታል። የሚፈለገው የነፋስ መጠን ጎማው ጎን ላይ በባር ተጽፏል።

ቀዳዳው በቸርኬው በኩል ከሆነ ደግሞ ቸርኬው ውስጥ ያለው ሪባን ተንሸራቶ የሽቦ (ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር የሚያይዘው) ጫፍ ወይም የሽቦ ቀዳዳ ጠርዝ እየወጋው ነው። ሪባኑን አስተካክዪ ወይም ቀይሪ። ቫልቩ ሥር የተቀደደ ካላማዳሪ አይለጠፍም፣ ይጣላል።

ስትለጥፊ ከልጣፊው ሰፋ ያለ ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊ፤ በዚያ የሚያልፍ የጎማ ስፌት መስመር ካለ እስኪጠፋ ድረስ። ማስቲሹን ስስ አድርገሽ ቀቢና 5 ደቂቃ ያህል፣ ማብረቅረቁ እስኪጠፋ ጠብቂ። ልጣፊ የሚላቀቀው በብዛት እርጥብ ማስቲሽ ላይ ስለሚደረግ ነው። ከለጠፍሽ በኋላ ከመሃል ወደ ጠርዝ እየገፋሽ አጥብቀሽ ጫኚው።

ጎማውን ስትመልሺ መጨረሻ የሚገባው ቫልቩ ያለበት ቦታ ይሁን። አልገባ ካለሽ በተቃራኒው በኩል የጎማውን ጠርዝ ወደ ቸርኬው መሃል ጎድጓዳ ግፊው፤ የጠበበው በኩል ይላላልሻል። በካቻቢቴ አታስገቢ፣ አዲሱን ካላማዳሪ ትቀጂዋለሽ።

መጠኑን በኢንች ብቻ አትመኚ። ጎማው ጎን ላይ 37-622 ወይም 47-559 የሚል ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያው ስፋቱ፣ ሁለተኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዙር ዲያሜትር ነው፣ ሁለቱም በሚሊሜትር። ሁለቱም «26 ኢንች» ተብለው አንዱ 559፣ አንዱ 590 ሊሆን ይችላል፤ አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ በጭራሽ አይገባም።

ፍሬን ላይ ሦስት ነገር ልብ በዪ። አንደኛ፣ የፍሬኑ ጎማ ቸርኬውን ብቻ ይንካ፤ ከፍ ብሎ ጎማውን ከነካ ጎኑን ፈጭቶ ያፈነዳዋል። የፊቱ ጫፍ ከኋላው ጫፍ በ1 ሚሊሜትር ያህል ቀድሞ እንዲነካ ካደረግሽው ጩኸቱ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ የፍሬንና የማርሽ ገመድ ሽፋን አይቀያየርም። የፍሬኑ ሽፋን ውስጡ እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ ሽቦ ነው፤ የማርሹ በቁመቱ የተደረደሩ ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው። የማርሹን ለፍሬን ብታደርጊ በኃይል ሲጨበጥ ተተርትሮ ሊፈነዳ ይችላል፣ ያኔ ፍሬን የለም ማለት ነው። ገመዱም ይለያያል፦ የፍሬን 1.5 ወይም 1.6፣ የማርሽ 1.1 ወይም 1.2 ሚሊሜትር። ሦስተኛ፣ አዲስ ገመድ ካሰርሽ በኋላ እጀታውን በሙሉ ኃይልሽ አሥር ጊዜ ያህል ጨብጪ። ሽፋኑ ቦታ ቦታውን ሲይዝ ገመዱ ይላላል፤ መልሰሽ ወጥሪው። ይህ ሳይደረግ ሳይክሉ ከዎርክሾፑ መውጣት የለበትም።

የጣና_ዳር፦

ካቴና በደንብ አስረድቷል፣ እኔ ኩሽኔታው ላይ ልጨምር። እህቴ፣ ለልምምድ ከተጣሉት አንድ ሳይክል ጠይቂያቸውና የፊት ጎማውን ሞዞ (ሽቦዎቹ የሚታሰሩበትን መሃሉን) ፍቺ። እንደነዚህ ያሉ ዎርክሾፖች ለዕቃ ተብሎ የተቀመጠ አሮጌ አያጡም።

ከአንድ ጎን ብቻ ፍቺ፤ የሌላው ጎን ኮን (ኳሶቹን የሚጫነው ሾጣጣ ፍሬ) እና ዳዶ ባለበት ይቆይ። ሁለቱንም ካላላሽ ፐርኖውን (በሞዞው መሃል የሚያልፈውን ዘንግ) መልሶ መሃል ላይ ማምጣት ጣጣ ነው። ኮኑ በቀጭን መፍቻ ይያዛል (የፊቱ ብዙ ጊዜ 13፣ የኋላው 15)፣ ከላዩ ያለው ዳዶ በተራ መፍቻ ይፈታል። ተራውን መፍቻ ኮኑ ላይ ለማስገባት አትታገዪ፣ ወፍራም ስለሆነ አይገባም። ከሥር ጨርቅ አንጥፊ፣ ኳሶቹ ይበተናሉ። ፊት በየጎኑ 10 ኳስ በ3/16 ኢንች፣ ኋላ በየጎኑ 9 ኳስ በ1/4 ኢንች የተለመደው ነው፤ ግን ሞዞ ከሞዞ ስለሚለይ እየፈታሽ ቁጠሪ። አሮጌዎቹን አትመልሻቸው፣ ኳስ ርካሽ ነው። ኮኑን ብርሃን ላይ እያዞርሽ እዪው፦ ኳሱ በሚሄድበት መስመር ላይ የተቆፈረ ነጠብጣብ ካለ ግራሶ አያድነውም፣ ይቀየር።

ስትገጥሚ ኮኑን በጣትሽ እስኪነካ አጥብቂ፣ ትንሽ መልሺ፣ ከዚያ በአንድ መፍቻ ኮኑን ይዘሽ በሌላው ዳዶውን ቆልፊ። ዳዶው ሲጠብቅ ኮኑን ይዞት ስለሚሄድ በአንድ ጊዜ አይሳካም፣ ይህ የሁሉም ሰው ነገር ነው። በዳዶ የሚታሰር ጎማ ከሆነ መወዛወዝም መክበድም የለበትም። በማጠፊያ እጀታ የሚቆለፍ ከሆነ ግን እጅሽ ላይ ሳለ በጣም ትንሽ ልልነት ተዪለት፤ እጀታው ሲቆለፍ ፐርኖውን ስለሚጨምቀው ልልነቱ ይጠፋል። ሙሉ በሙሉ አጥብቀሽ ከቆለፍሽው ኮኑና ኳሱ እርስ በርስ ይበላላሉ።

ቸርኬ ማቅናትም ከልምምዱ አይቅር። የሽቦውን ዳዶ በልኩ መፍቻ ያዢ፤ 3.23፣ 3.30 እና 3.45 ሚሊሜትር የሚባሉ አሉ፣ ሲሰፋ ዳዶውን ያከበዋል። ቸርኬው ወደ ግራ ከወጣ እዚያ አካባቢ ያሉትን የቀኝ ሽቦዎች ሩብ ዙር አጥብቂ፣ የግራዎቹን ሩብ ዙር አላሊ። የማጥበቂያው አቅጣጫ ጀማሪን ያምታታዋል፦ ከጎማው በኩል ወደ ሞዞው እያየሽ ከሆነ እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ይጠብቃል። ሩብ ዙር ብቻ፣ ከዚያ አሽከርክረሽ እዪ።

ባሕር ዳር የምናውቃቸው የቻይና ባለአንድ ማርሽ ሳይክሎች ዓይነት አሮጌ ከገጠመሽ ማንዌላው (ፔዳሉ የሚገጠምበት ክንድ) በሽብልቅ ፒን የታሰረ ይሆናል። ዳዶውን አውልቀሽ በመዶሻ አትምቺ፤ የፒኑ ጥርስ ይጨፈለቃል። ዳዶውን ከፒኑ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ብቻ አላልተሽ፣ ማንዌላውን ከሥር በወፍራም ቱቦ አስደግፈሽ አንዴ በደንብ ምቺ። ድጋፍ ከሌለ ምቱን የሚቀበለው ኩሽኔታው ነው።

ሰላም_ከጀርመን፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ትናንት የሰጡኝ ሳይክል ላይ የግራው ፔዳል አልፈታ አለ፣ ሁለት ሰው ሆነን ታገልን። ካቴናውም ማለቁን እንዴት ነው የማውቀው?

ቨርጂኒያ_ባለሁለት_ጎማ፦

ምናልባት እያጠበቃችሁት ነበር። የግራ ፔዳል የብሎን ጥርሱ ተቃራኒ ነው። ግራና ቀኝ ከማስታወስ ይህ ይቀላል፦ 15 ቁጥር መፍቻውን ፔዳሉ ላይ ወደ ላይ አቁሚው፤ ለሁለቱም ፔዳል የመፍቻው ጫፍ ወደ ኋላ ጎማ ሲሄድ ይፈታል፣ ወደ ፊት ጎማ ሲሄድ ይጠብቃል። አሁንም እምቢ ካለ ዝገት የሚያላላ ዘይት ከሁለቱም በኩል ንፊበትና አሳድሪው፣ በማግስቱ ረጅም መፍቻ ተጠቀሚ። ካቴናውን ትልቁ የፊት ጥርስ ላይ አድርጊ፤ መፍቻው ከሾለከ ክንድሽ ጥርሱ ላይ ነው የሚያርፈው።

ስትመልሺ የፔዳሉን የብሎን ጥርስ ግራሶ ቀቢና የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ዙር በጣትሽ ብቻ አስገቢ። በጣት ካልገባ አጉል ይዟል፣ አውጪና እንደገና ጀምሪ። የአሉሚኒየም ማንዌላ ጥርስ አንዴ ከተበላ ማንዌላው ሞተ ማለት ነው። ፔዳሎቹ ላይ ኤል (ግራ) እና አር (ቀኝ) የሚል ፊደል ተቀርጿል፣ ሳታዪ አትግጠሚ።

ተመሳሳይ ወጥመድ ማንዌላዎቹ መሃል ያለው ኩሽኔታ ላይም አለ፦ በተለመደው የእንግሊዝ ጥርስ የቀኙ ጎን ተቃራኒ ነው፣ ሲፈታ ወደ ቀኝ ይዞራል። የጣሊያን ጥርስ ግን በሁለቱም በኩል ቀጥተኛ ነው፤ ከመታገል በፊት ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቢ።

ካቴናን በማስመሪያ መለካት ይቻላል። አንድ ፒን መሃል ላይ ዜሮ አድርጊና 24ኛው ፒን ጋ አንብቢ። አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊሜትር ነው። 307 ሲደርስ ይቀየር፤ ኋላ 11 ወይም 12 ማርሽ ላለው ደግሞ 306 ተኩል አታሳልፊ። 308 ካለፈ የኋላ ጥርሶቹም አብረው በልተዋል፤ አዲስ ካቴና ብቻ ብትገጥሚ በኃይል ሲረገጥ ይዘላል። «ማርሹ ይዘላል» የሚለው አቤቱታ አንዱ ምንጩ ይህ ነው።

መሣሪያ አሁን አትግዢ። ዎርክሾፑ ሁሉም አለው። ቢበዛ 4፣ 5 እና 6 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ፣ ሁለት የጎማ ማውለቂያ፣ ልጣፊና ትንሽ ፖምፓ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑሩ። ገንዘብ ካለሽ በመጀመሪያ የምትገዢው ጥሩ የገመድ መቁረጫ ይሁን፤ በፒንሳ የተቆረጠ ገመድ ጫፉ ይበተናል፣ ሽፋኑ ውስጥም አይገባም።

ሥነ ሥርዓቱ ደግሞ፦ መፍቻ ካነሳሽበት ቦታ መልሺ፣ ከአሮጌ ሳይክል ዕቃ ከመንቀልሽ በፊት ጠይቂ (ለሰው የተያዘ ሊሆን ይችላል)፣ አንቺ ስታሳዪ መፍቻውን ከሰው እጅ አትንጠቂ። ቆሞ ያየ ሰው አይማርም።

ፍራንክፈርት_ፔዳል፦

ጀርመን ላለች ሰው ሁለት የቀሩ ነገሮች አሉ። እዚህ ብዙ አሮጌ ሳይክል ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ ፍሬን አለው። ከኋላ ሞዞው በግራ በኩል የሚወጣ የብረት ክንድ አለ፣ በማቀፊያ ከፍሬሙ ጋር በብሎን ይታሰራል። ጎማ ለመለጠፍ ስትፈቺው ከረሳሽውና ሳታስሪው ከሄድሽ ፍሬኑ ሲያዝ ክንዱ ይዞራል፣ ፐርኖውን ይዞ ይጠመዘዛል፣ ሽቦ ይበጥሳል። ጎማ ከገጠምሽ በኋላ መጀመሪያ እዚያ እዪ።

ሁለተኛ፣ ዎርክሾፑ ጠግኖ ለሰው የሚሰጠው ሳይክል በሕጉ መሠረት መውጣት አለበት፦ አንዱ ቢበላሽ ሌላው የሚሠራ ሁለት ፍሬን፣ ደወል፣ ነጭ የፊት መብራት፣ ቀይ የኋላ መብራት፣ ፔዳሎቹ ላይ ቢጫ አንጸባራቂ፣ ጎማዎቹም ላይ አንጸባራቂ። ወደ ኋላ የሚረገጠው ፍሬን እንደ አንድ ይቆጠራል፣ ስለዚህ የፊቱ የግድ ነው። የፔዳሉ አንጸባራቂ በብዛት የሚረሳው ነው፤ ከተጣሉት ፔዳሎች ላይ እየነቀልሽ ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅሚ።

@የጣና_ዳር፣ ኩሽኔታ በምን ታጥባላችሁ? እዚህ ቤንዚን ይከለክላሉ።

የጣና_ዳር፦

ልክ ናቸው፣ ቤንዚን እሳት ነው፣ ቤት ውስጥ ጭሱም ጥሩ አይደለም። ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ በቆርቆሮ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ከዚያ በጨርቅ ማድረቅ። ጋዙ ሞዞው ውስጥ ከቀረ አዲሱን ግራሶ ያቀጥነዋል። ካቴናን ግን በየጊዜው አትንከሪ፤ በጨርቅ ጠርገሽ በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ ዘይት አድርጊ፣ ጥቂት ዙር አሽከርክሪ፣ ከዚያ ከላዩ የቀረውን ጥረጊ። ላዩ ላይ የቀረ ዘይት አቧራ ነው የሚሰበስበው።