የእርግዝና መከላከያ ክኒን እየወሰድኩ መቁረብ እችላለሁ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ካቶሊክ ነኝ፣ ያገባሁት በተክሊል ነው፣ ሦስት ልጆች አሉን። የመጨረሻዋን ስወልድ ብዙ ደም ፈሶኝ ለትንሽ ነው የተረፍኩት፤ ሐኪሟም ቶሎ እንዳትደግሚ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ክኒን እወስዳለሁ። መሳቢያ ውስጥ ከመቁጠሪያዬ ጎን ነው የማስቀምጠው፣ ማታ ማታ ሁለቱንም አያቸዋለሁ። እሁድ ሰው ለቁርባን ሲሰለፍ እኔ ቁጭ እላለሁ። ጓደኞቼ ግን እየወሰዱ ይቆርባሉ፣ «ማን ይጠይቅሻል» ይሉኛል። ቤተ ክርስቲያን በትክክል የምትለው ምንድን ነው? የማይስማማስ ሰው ምን ይሁን? እባካችሁ ስድብ አይኑር።

መልስ 1፦
እህቴ፣ እንኳን ተረፍሽ። ትምህርቱን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በሐምሌ 1968 እ.ኤ.አ. በወጣው «ሁማኔ ቪቴ» በተባለው መልእክታቸው ላይ ታገኚዋለሽ። የባልና ሚስት ግንኙነት ፍቅርም ነው፣ ለሕይወትም ክፍት ነው፤ ሰው ሁለቱን ሆን ብሎ አይለያይ ነው የሚለው። ልጅ ማራራቅ ኃጢአት ነው ግን አይልም! እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በቂ ምክንያት ካለ እርግዝና በማይፈጠርባቸው ቀናት መገናኘት ይቻላል። ለሕመም የሚወሰድ መድኃኒትም፣ እግረ መንገዱን እርግዝና ቢከለክል እንኳ፣ የተወሰደው ለዚያ ብሎ እስካልሆነ ድረስ አይከለከልም። ያንቺ ግን እርግዝናውን ለመከላከል ስለሆነ በዚህ በኩል የሚያልፍ አይመስለኝም።
እኛ ቤት እነዚያን ቀናት የምናውቀው በሰውነት ሙቀት ነው፤ ጠዋት ከአልጋ ሳልነሳ ቴርሞሜትር አፌ ውስጥ ነው፣ ባሌ ቁጥሩን አንብቦ ወረቀቱ ላይ ነጥብ ያደርጋል። ቀላል ነው ብዬ አልዋሽሽም፤ የተጣላንበት ወርም አለ።

መልስ 2፦
እኔ በትምህርቱ አልስማማም፣ ካቶሊክነቴን ግን ማንም አይወስድብኝም። ታሪኩን እዪው። ከጳውሎስ 6ኛ በፊት የነበሩት ጳጳስ ዮሐንስ 23ኛ በ1963 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚሽን አቋቋሙ፤ ጳውሎስ 6ኛ ሐኪሞችንም ባለትዳሮችንም ጨምረው አሰፉት። በ1966 እ.ኤ.አ. ከአባላቱ አብዛኞቹ ትምህርቱ ሊሻሻል ይችላል አሉ። ጳጳሱ አልተቀበሉትም። መልእክቱ በወጣ በሁለት ወሩ የካናዳ ጳጳሳት ዊኒፔግ ላይ ተሰብስበው፣ ከልቡ ሞክሮ ያቃተውና በቅንነት ትክክል የመሰለውን የመረጠ ሰው በመልካም ሕሊና ነው ብለው ጻፉ። የጀርመን ጳጳሳትም ለሕሊና ቦታ ሰጥተዋል። ስለዚህ ተቃውሞው የሰነፎች ሰበብ አይደለም። ከሞት አፋፍ የተመለሰች እናት ቴርሞሜትር ላይ ተስፋ አድርጊ ስትባል እኔ ያመኛል።

መልስ 3፦
ዘርዓ ክህነት (የካህናት ማሠልጠኛ) ጥቂት ዓመታት ተምሬያለሁ፣ ከሁለታችሁም የምወስደው አለኝ። «ሁማኔ ቪቴ» በማይሳሳት ሥልጣን የታወጀ ትምህርት አይደለም፤ ይህ መልእክቱ በቀረበበት ዕለት ቫቲካን ራሱ ላይ ተነግሯል። ግን ምእመን እንደ ተራ አስተያየት ይለፈው ማለትም አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያን ለእንዲህ ያለው ትምህርትም የልብና የአእምሮ መታዘዝን ትጠይቃለች። ሕሊናም ደስ ያለኝን ላድርግ ማለት ሳይሆን ጸልዮ፣ አንብቦ፣ ጠይቆ የሚደረስበት ነው። አንቺ ደግሞ ይኸው እየጠየቅሽ ነው።
በ1997 እ.ኤ.አ. ከቫቲካን ለንስሐ አባቶች የወጣው መመሪያ ትምህርቱን አጥብቆ ይዟል፣ ሆኖም ደጋግሞ ወድቆ ከልቡ የሚጸጸትን ሰው በዚህ ብቻ የኃጢአት ስርየት አትከልክሉት ይላል። ብቻሽን ፈርደሽ አግዳሚው ላይ አትቅሪ። ሂጂና ለአባ ሁሉንም ንገሪያቸው፣ የደሙን ነገር ጭምር።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም ለባለቤቴ አነበብኩለት። እስከ ዛሬ የኔ ጉዳይ ብቻ አድርጎት ነበር፤ ዝም ብሎ ቆየና «አባ ጋ አብረን እንሂድ» አለኝ። መልስ 1፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ሕፃኗ ሌሊት ሦስቴ ታስነሳኛለች፣ ቴርሞሜትሩ እንዲህም ሆኖ ይሠራል?

መልስ 1፦
እንቅልፍ ሲቆራረጥ ሙቀቱ ያሳስታል፣ በእሱ ብቻ አትተማመኚ። ክኒኑን ከማቆምሽ በፊት ሐኪምሽን አነጋግሪ። ደግሞ ባልሽ ይምጣ፣ እሱም ይስማ።