ያለ ስህተት መልእክት የተበላሹ ፋይሎች

ጥያቄ፦
ፎቶዎቼን ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ ወደ አዲሱ ገልብጬ፣ የፋይሎቹን ብዛትና መጠን አመሳክሬ አሮጌውን ፎርማት አደረግሁት። ምንም የስህተት መልእክት አልነበረም፤ ይሁን እንጂ አሁን ሦስት ፎቶዎች ሲከፈቱ ከአጋማሻቸው በታች ግራጫ ሆነዋል። ኮምፒውተሩ ይህን እንዴት ሳያውቀው ቀረ?

መልስ 1፦
ዲስኩ የጻፈውን በማረሚያ ኮድ ይጠብቃል፤ የሚጠብቀው ግን የደረሰውን ነው፣ ተበላሽቶ ከደረሰውም ያንኑ በታማኝነት ያኖራል። ዳታው በመንገዱ ላይ በኮምፒውተሩ ሜሞሪ (ራም) ስለሚያልፍ፣ እዚያ አንዲት ቢት (የዳታ ትንሿ አሃድ) ከ0 ወደ 1 ብትገለበጥ የፋይሉ መጠን አይለወጥም። የጄፔግ ምስል የታመቀ በመሆኑና የኋለኛው ክፍል ፍቺ በፊተኛው ላይ ስለሚመሠረት፣ ያቺ አንዲት ቢት ከእርሷ በታች ያለውን ሁሉ ልታበላሽ ትችላለች። ሰርቨሮች የሚጠቀሙበት ኢሲሲ ሜሞሪ በተለምዶ ለእያንዳንዱ 64 ቢት 8 መፈተሻ ቢት ስለሚጨምር የአንድ ቢት ስህተትን ያርማል፣ የሁለት ቢትን ደግሞ ያሳውቃል፤ አብዛኛው የግል ኮምፒውተር ግን ይህ የለውም።

መልስ 2፦
ሜሞሪውን ብቻ መጠርጠር አይበቃም። የፌስቡክ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጽሑፍ፣ አንድ ፕሮሰሰር 1.1ን 53 ጊዜ በራሱ አባዝቶ የውጤቱን ሙሉ ቁጥር (ኢንቲጀር) ብቻ እንዲሰጥ ሲጠየቅ በ156 ፈንታ 0 ይመልስ እንደነበር ገልጸዋል። ስሌቱ የፋይል መጠን ለማወቅ የሚያገለግል ስለነበር፣ ፕሮግራሙ ባዶ ያልሆነውን ፋይል ባዶ ነው ብሎ ዘለለው። የሚገርመው፣ ያው ኮር (ስህተቱን የሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል) ሌሎች ስሌቶችን በትክክል ይሠራ ነበር፤ እንዲህ ያለውን እንከን በተለመደው ፍተሻ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

መልስ 3፦
የአንድ ትልቅ ፋይል ኤስኤችኤ-256 ሀሽ፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ እንደ አሻራ ያለ ኮድ፣ ደጋግመው ያስሉ። ፋይሉ ሳይነካ ውጤቱ ከተለያየ፣ ችግሩ ከሃርድዌሩ ነው። ወደፊት ከመገልበጥዎ በፊት የምንጩን ሀሽ መዝግበው ከቅጂው ጋር ያመሳክሩ። ዜድኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓት ለእያንዳንዱ ብሎክ (የዳታ ቁራጭ) ቼክሰም፣ ማለትም ከይዘቱ የተሰላ መፈተሻ ቁጥር፣ ስለሚይዝ ዲስክ ላይ የደረሰን ብልሽት ይለያል፤ ለመጠገን ግን ሁለተኛ ቅጂ ያስፈልገዋል፤ ቼክሰሙ ከመሰላቱ በፊት ሜሞሪ ውስጥ የተበላሸውን ደግሞ እንደ ትክክለኛ ይቀበለዋል።

ጠያቂው፦
የአንድ 40 ጊጋባይት ፋይልን ሀሽ አራት ጊዜ አስልቼ ሦስት የተለያዩ ውጤቶች አገኘሁ። ከኮምፒውተሩ ሁለት የሜሞሪ (ራም) ካርዶች አንዱን ሳወጣ ግን ውጤቱ አንድ ሆነ። መጠባበቂያ ቅጂ ነበረኝ፤ ነገር ግን ከአዲሱ ዲስክ ላይ የተወሰደ በመሆኑ ሦስቱም ፎቶዎች እዚያም ግራጫ ናቸው።