ለትልልቅ ሰዎች የፍላይ ፊሺንግ ትምህርት ከምን ልጀምር?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እስኪ አማክሩኝ። ፍላይ ፊሺንግ ማለቴ ከላባና ከክር በምትሰራ ዝንብ አሳ ማጥመድ ላስተምር ነው። ተማሪዎቹ አራት ኪሎና ፒያሳ የሚሰሩ ጎልማሶች ናቸው፣ መንጠቆ ይዞ የሚያውቅ የለም፣ የሚመቻቸው እሁድ ጠዋት ብቻ ነው። እዚህ መሀል ከተማ ውሃ ስለሌለ መጀመሪያ ስለ አሳውና ስለ ዕቃው በፕሮጀክተር ላስረዳ ብዬ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ባሌ እወስዳቸዋለሁ። ምን ትላላችሁ?

ወንዝ ወዳድ፦ ፕሮጀክተሩን ተወው ወንድሜ። ሳምንቱን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የዋለ ሰው እሁድ ስላይድ ለማየት አይመጣም፣ የማጥመጃውን ዘንግ እጁ ላይ ስጠው። ለመወርወር ሳር ይበቃል፣ ጃን ሜዳ ወይ አንድ ትምህርት ቤት ሜዳ አስፈቅድና በጠዋት ግቡ። መንጠቆ እንዳታስር፣ ጫፉ ላይ ደማቅ የሹራብ ክር ቁራጭ እሰርበት። መነፅርና ኮፍያ ግን ከመጀመሪያው ቀን ግዴታ ይሁን።

የክር ሰው፦ እኔ ልጨምር፣ ጀማሪ ሁሉ በጉልበት ነው የሚወረውረው። እዚህ ላይ ግን ክብደቱ ያለው ከዘንጉ የሚወጣው ወፍራሙ ክር ላይ ነው፣ ዝንቧ ምንም አትመዝንም፣ ስለዚህ ክሩ ከኋላ እስኪዘረጋ ካልጠበቁት ወደፊት የሚሄድ ነገር የለም። ዘንጉ ጆሯቸውን ትንሽ እንዳለፈ ቆም ይበል፣ ዞር ብለው ክሩን ይዩት፣ ሲዘረጋ ወደፊት። የእጅ አንጓው የሚታጠፍበት ካለ የእጀታውን ጫፍ ሸሚዙ እጅጌ ውስጥ አስገባለት፣ ወዲያው ይስተካከላል። 9 ጫማ 5 ቁጥር ዘንግ ለሁሉም ይሆናል፣ ቁጥሩ ዘንጉ የሚሸከመውን የክር ክብደት ነው የሚያሳየው። ደሞ ጥንድ ጥንድ አድርጋቸው፣ አንዱ ሲወረውር ሌላው ከጎን አይቶ ይንገረው፣ ትከሻም ያርፋል።

የባሌ ልጅ፦ ባሌ አሪፍ ነው፣ ዌብ ወንዝ ላይ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት የሚባል አሳ አለ። ግን የባሌ ተራሮች ፓርክ ቢሮ ያለበት ዲንሾ ከአዲስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የመጀመሪያ ውሃቸው እዛ አይሁን ባክህ፣ ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ክር ሲፈታ መዋል ያሳዝናል። መጀመሪያ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር አለማምዳቸው። ባሌን ክረምት አትሞክሩት፣ ወንዙ ይሞላል ይደፈርሳል፣ ፈቃዱን ደግሞ ዲንሾ ፓርኩ ቢሮ ቀድመህ ጠይቅ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ፕሮጀክተሩ ቀርቷል። አንዷ ተማሪ ትከሻዋን ያማታል፣ ምን ላድርግላት?

የክር ሰው፦ ክርኗን ጎኗ ላይ ታስጠጋ፣ ክሩም አጭር ይሁን። ቢሾፍቱ ስትደርሱ ሮል ካስት የሚባለውን አወራወር አሳያት፣ ክሩን ወደ ኋላ መወርወር አያስፈልገውም። ሳር ላይ ግን አትድከም፣ ክሩን የሚይዝለት ውሃ ስለሌለ በደንብ አይሰራም።