ለስድስት ዓመት ውሻ 450 ዶላር ልክፈል?

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ ውሻ ካልገዛን ማለት ከጀመረች ዓመት አለፋት። አገር ቤት ቡችላ ከጎረቤት በነጻ መቀበል ነው የለመድኩት፤ እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ባለቤት ያጡ ውሾችን የሚያነሳ አንድ ማኅበር ስድስት ዓመት የሆናት ቡናማ ውሻ አሳየን። የአንድ ጆሮዋ ጫፍ ተቀዷል። ልጄ መሬት ላይ ስትቀመጥ ውሻዋ መጥታ አገጯን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። እዚያው አለቀልን።

ክፍያው 450 ዶላር ነው። እንዳትወልድ ኦፕሬሽን ተደርጋለች፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዳለች፣ ማይክሮቺፕም (ከቆዳ ሥር የሚቀበር መለያ) አላት ይላሉ። አንድ የእንስሳት ሐኪም ጋ ደውዬ ኦፕሬሽኑ ብቻ 400 ዶላር ነው ስላሉኝ፣ ዋጋው አላግባብ ነው ማለት አልችልም። ያልተዋጠልኝ ሌላ ነው። የልብ ትል ምርመራዋን ውጤት ስጠይቅ "ከከፈላችሁ በኋላ" አሉኝ። በሽታው በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት ንክሻ የሚተላለፍ ነው፤ ሕክምናው ወራት ይፈጃል፣ ውድም ነው። የካውንቲው (የአካባቢው መስተዳድር) የእንስሳት መጠለያ ይረክሳል፣ ግን ሁለቴ ሄደን ለልጅ የሚሆን አላገኘንም።

እስከ ቅዳሜ መልስ ይፈልጋሉ። እዚህ አገር ውሻ የወሰዳችሁ፣ የምርመራ ወረቀቷን ሳላይ ልክፈል ወይስ እስኪያሳዩኝ ገንዘቤን ልያዝ?