በመድኃኒት የተለበጠ ካቴተር ለእኛ ክፍል ያስፈልጋልን?

ጠያቂ (ከለገጣፎ)፦ የተከበራችሁ ባልደረቦች፣ በምሠራበት የጽኑ ሕሙማን ክፍል በማዕከላዊ የደም ሥር ካቴተር (ወደ ትልቅ የደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ሳቢያ የሚመጣ የደም ኢንፌክሽን ስላስቸገረን፣ በፀረ ተህዋስያን መድኃኒት የተለበጠ ካቴተር እንዲገዛ ሐሳብ ቀርቧል። ዋጋው ከተራው ስለሚበልጥ ጥቅሙን ብታስረዱኝ።

መልስ 1፦ ይጠቅማል፤ ዓይነቱን ግን ይለዩ። ክሎርሄክሲዲንና ሲልቨር ሰልፋዳያዚን በተባሉ ፀረ ተህዋስያን የተለበጠው የመጀመሪያው ትውልድ መድኃኒቱ በውጭ ገጹ ላይ ብቻ ስለነበር፣ መድኃኒት ከሚሰጥበት የቱቦው መጋጠሚያ በውስጥ በኩል የሚገባውን ባክቴሪያ አይከላከልም ነበር፤ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ንጽጽርም ውስጡም ውጭውም ሚኖሳይክሊንና ሪፋምፒን በተባሉ አንቲባዮቲኮች የተለበጠው እንደሚሻል አሳይቷል። (ሪፋምፒን ለእኛ ዋነኛ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት መሆኑን ሳስብ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተህዋስያን እንዳይላመዱት እሰጋለሁ።)

መልስ 2፦ እኔ ግን ግዢውን አላስቀድምም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የ2011 እ.ኤ.አ. መመሪያም የተለበጠውን የሚመክረው ካቴተሩ ከ5 ቀን በላይ እንደሚቆይ ሲገመትና የተሟላ ጥንቃቄ ተደርጎም ኢንፌክሽኑ አልቀንስ ሲል ነው። እጃችሁን በአግባቡ ትታጠባላችሁ? ካቴተሩን ስታስገቡ ታካሚውን ሙሉ በሙሉ ከተህዋስያን በጸዳ (ስቴራይል) ጨርቅ ትሸፍናላችሁ? የማያስፈልገውን ካቴተር በየዕለቱ ለይታችሁ ታወጣላችሁ? ክሎርሄክሲዲን አለርጂ የሚያስከትልባቸው ታካሚዎችም አሉ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። አብዛኛውን ካቴተር ለኢንፌክሽን ይበልጥ በሚያጋልጠው በብሽሽት በኩል ስለምናስገባ፣ መጀመሪያ እርሱን እናስተካክላለን።