የጉዞና የቤት ነገር፦ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ አብረን እንጻፍ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ሰላም ለሁላችሁም። እሑድ ለገሃር ቡና ይዘን የጀመርነውን ወሬ እዚህ እንጨርሰው። ጉባኤው ጳጉሜን ላይ ነው። የምናቀርበው ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ ተባብለናል።

መነሻዬን ልጻፍ። አብዛኞቻችን ባለትዳር ነን። ግማሾቻችን የጊዮርጊስ፣ ግማሾቻችን የቡና ደጋፊ ነን፤ ሰፈሩና ዕድሩ አንድ ላይ አቆይቶናል። ድሮ ጨዋታ ማለት ከቤት ወጥቶ በእግር ስታዲየም መድረስ ነበር። ስምንት ሰዓት የወጣ ሰው አሥራ ሁለት ሳይሞላ ቤቱ ነው። ሚስትም ልጅም ይህን ያውቁታል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የአገራችን ፕሪሚየር ሊግ በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰበ መካሄድ ሲጀምር ያ ሁሉ ተለወጠ። ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ እያልን ዞርን። የሁለት ሰዓት ኳስ የሁለት ቀን መንገድ ሆነ።

ቤት ውስጥ የምንናገረው ግን እንደ ድሮው ነው። «ኳስ ዐይቼ ብቅ ልል ነው» እንላለን። ድሬዳዋ ብቅ ተብሎ አይመለስም።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። በዓመት ሁለት ጉዞ ማኅበሩ ያዘጋጅ። አንዱ አዳማ፣ ደርሶ መልስ። ሌላው ሐዋሳ፣ አዳር፣ ከቤተሰብ ጋር። መርሐ ግብሩ ሌላ ከተማ ላይ ካረፈ ከተማውን እንቀይራለን። ተጓዡ ከሁለት ሳምንት በፊት ከትዳር አጋሩ ጋር ተነጋግሮ፣ ሁለቱም ፈርመው ይመዝገቡ። ጨምሩበት፣ ቀንሱበት።

ገንዘብ ያዥ፦

ጸሐፊያችን ተባረክ። እኔ ስለ ብሩ ልናገር።

ባለቤቴ ጊዮርጊስ ነው፣ እኔ ቡና ነኝ። በደርቢ ቀን ምሳ አብረን እንበላለን፣ ጨዋታውን ለየብቻ እናያለን፣ ማታ አብረን ቡና እንጠጣለን። በኳስ ተጣልተን አናውቅም። የተጣላነው በአንድ ፖስታ ነው። የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ የምናስቀምጥበት ፖስታ አለን፤ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከጋቢው ሥር። ለድሬዳዋው ጉዞ 3000 ብር ከዚያ አወጣ። በወሩ መለሰው፣ አንድ ብር አልጎደለም። የነገረኝ ግን ከተመለሰ ከ12 ቀን በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ፖስታውን በከፈትኩ ቁጥር እቆጥራለሁ። መቁጠሩን እጠላዋለሁ፣ እጄ ግን አይታዘዘኝም።

ስለዚህ የጉዞ ገንዘብ ለብቻው ይሁን። ከመስከረም ጀምሮ በየወሩ 500 ብር፣ እንደ ዕቁብ፣ ስም እየተጠራ ይሰብሰብ። ከዕቁቡ ገንዘብ ያልተጠራቀመለት ሰው በብድር አይሂድ። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ማኅበሩም ለጉዞ ማበደር ያቁም። ባለፈው ዓመት ያበደርነው ሦስት ሰው ቤት ጭቅጭቅ ሆኖ ገብቷል፤ ሦስቱም እዚህ ስላሉ ስም አልጠራም።

የፒያሳው (አዲስ ሙሽራ)፦

ዕቁቡን እደግፋለሁ። ፊርማው ላይ ግን ቅር ብሎኛል። ካገባሁ ስምንት ወሬ ነው። እኔና ባለቤቴ ሁሉንም እንነጋገራለን። ለማኅበር ወረቀት እንድትፈርም ስጠይቃት ምን እንደምትለኝ ገምቱ። «ወላጅ ይዘህ ና የተባልክ ተማሪ ነህ እንዴ?» ነው የምትለኝ። እኔንም እሷንም ያሳንሳል።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የ2027 የአፍሪካ ዋንጫ ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለታንዛኒያ ነው የተሰጠው። ናይሮቢ በሞያሌ በኩል በመኪና የሚገባባት ከተማ ናት። ቡድናችን ቢያልፍም ባያልፍም በደጃችን የሚደረግ ዋንጫ ሲያመልጠን ማየት አልፈልግም። ለሱም ከአሁኑ እንቆጥብ።

ገንዘብ ያዥ፦

ወንድሜ፣ ፊርማው ቢወጣ ቅር አይለኝም። ባለቤትህ የምታውቀውን ነገር በወረቀት ማስመስከር አያስፈልግም። እኔ የፈለግሁት ቀኑን ነው። ጉዞው መቼ እንደሆነ፣ ስንት እንደሚፈጅ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ከሁለት ሳምንት በፊት ቤት ይታወቅ። መልእክቱን ማኅበሩ ራሱ ለሁለቱም ስልክ ይላክ። ያኔ ማንም ማንንም አያስፈርምም።

ናይሮቢን ለብቻው እንያዘው። ፓስፖርት አለ፣ የልጆች ፓስፖርት አለ፣ ፈቃድ አለ። አንድ ገጽ ውስጥ ከገባ አዳማንም ይዞብን ይሄዳል።

ከካዛንቺስ የተነሣሁት፦

እኔ ስለ ማታው ላንሣ። አሁን የምኖረው ገላን ጉራ ነው። ሰፈራችን ሲነሣ ወደዚያ ሄድን፣ ማኅበሩን ግን አልለቅም ብዬ እየተመላለስኩ ነው። ለኳስ የምመጣው አሁንም ወደ መሀል ከተማ ነው። እዚያ ብቻዬን ማየት አልለመደልኝም።

የአውሮፓ ጨዋታ ማታ ላይ ነው። እስከ ጥቅምት አጋማሽ በአራት ሰዓት ይጀምራል። ከዚያ እነሱ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ አምስት ሰዓት ይሆናል፣ እስከ መጋቢት አጋማሽ እንደዚያው ነው። እኛ ሰዓት አንቀይርምና ቤት ያለው ሰው ይህን አያውቅም። ባለቤቴ «ባለፈው ወር ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ገብተህ ነበር፣ አሁን ምን አስመሸህ?» ስትለኝ እውነቷን ነው። ጨዋታው የሚያልቀው ለሰባት አሥር ጉዳይ ነው። በዚያ ሰዓት ሚኒባስ የለም። ኮንትራት ታክሲ ገላን ድረስ የሚጠይቀው የሳምንት አስቤዛ ነው።

አሁን ደግሞ የማላወራውን ልናገር፤ ለሐሳቡ ይጠቅማል። ጥር 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ነበር። የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር ነው። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ቀኗ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል ተብለን ነበር። እኔ ስታዲየም አካባቢ በቴሌቪዥን ለማየት ወጣሁ። ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩ። አዳነ ግርማ ግብ ሲያስቆጥር ሁላችንም ከወንበር ተነሥተን ማን ማንን እንዳቀፈ አላውቅም። ጨዋታው አንድ ለአንድ አልቆ ስልኬን ሳወጣ 17 ጥሪ አለ። ሐኪም ቤት የወሰደቻት ጎረቤታችን ናት። ስደርስ ልጄ ተወልዳለች። አማቴ በሩ ላይ ቆማ «እንኳን ደስ ያለህ» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ ይህ ይግባልኝ። በማንኛውም ጉዞና የምሽት ጨዋታ፣ ስልኩን ከፍቶ ድምፁን ለቆ የሚቀመጥ አንድ ተረኛ ይኑር። ቁጥሩ በየቤቱ ይሰጥ። ሌላው ሰው የፈለገውን ያህል ይጩህ።

ጋሼ (የለገሃሩ)፦

ልጄ፣ ጥር ስንት ቀን ነበር? ከጥምቀት በኋላ አይደለም?

ከካዛንቺስ የተነሣሁት፦

አዎ ጋሼ። ጥር 13።

ጋሼ (የለገሃሩ)፦

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣንበት ቀን ነው። ልጅህ በዚያ ቀን ነው የተወለደችው። ንገራት።

ያን ቀን እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ስታዲየም ወሰደኝ። ከሰው ጫማና ከካፖርት ጀርባ በቀር ያየሁት ጥቂት ነው፤ አባቴ ትከሻው ላይ ሲያወጣኝ ብቻ ሜዳው ይታየኛል። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራን። ሁለት ጊዜ አቻ ሆንን። ጭማሪ ሰዓት ላይ 4 ለ 2 አሸነፍን። አምበላችን ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ሲቀበል አባቴ አለቀሰ። አባቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያኔና እናቱ የሞተች ቀን ነው። ቤት ስንገባ እናቴ ሁለታችንንም እግራችንን አጠበችን፣ ራት ላይ አባቴ ጨዋታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራት። እሷ ሄዳ አታውቅም፤ ግን እስከምትሞት ድረስ የመንግሥቱ ወርቁን ስም ትጠራ ነበር።

እናንተ ያላችሁትን ሁሉ አነበብኩ። ስለ ብር፣ ስለ ሰዓት፣ ስለ ስልክ፣ ሁሉም ልክ ነው። የጎደለው ልጆቹ ናቸው። እኔ ስታዲየሙ ውስጥ ያልተቀመጥኩበት ቦታ የለም፤ ካታንጋም ተቀምጫለሁ፣ ሚስማር ተራም፣ ከማን አንሼም። ጥላ ፎቅ የገባሁት በስተርጅና ነው። በየቦታው አባትና ልጅ ነበር። አሁን ኳስ ሰውን ከቤቱ የሚያወጣ ሆነ። ልጆቹን አብራችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሐዋሳውን ብቻ ሳይሆን አዳማውንም። ይህን ጻፉልኝ።

የአባል ባለቤት (እኔም ልግባበት)፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ አባል አይደለሁም፣ ባለቤቴ ነው አንብቢው ብሎ ያሳየኝ። የገላኑ ሰው ሚስት ነኝ። ያን ቀን ይቅር ብዬዋለሁ፤ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ መያዙን ግን ዛሬ ነው ያወቅሁት።

ቤተሰብ ይሂድ ካላችሁ ጥቂት ነገር አስቡ። ኮስተር ውስጥ ልጅ ጭን ላይ ይቀመጣል ብላችሁ ዋጋ አትቀንሱ። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የስድስት ዓመት ልጅ ጭን ላይ ይዞ ሻሸመኔ መድረስ ለእናትም ለልጅም ቅጣት ነው። ለልጅ ወንበር ይከፈልለት፣ በግማሽ ዋጋ። መኪናው የት የት እንደሚቆም ቀድሞ ይታወቅ። ወንዶቹ መንገድ ዳር ይወርዳሉ፤ እኛና ሴት ልጆቻችን መጸዳጃ ያለው ማደያ ወይም ምግብ ቤት እንፈልጋለን። ከኅዳር 15 በኋላ ከሆነ ደግሞ የነቢያት ጾም ነው፤ የሚጾሙ እናቶች ስላሉ ስንቁ ዳቦ ቆሎና ሽሮ ፍትፍት ይሁን።

ሐዋሳ የምንሄደው ለጨዋታው ብቻ ከሆነ ልጆቹ ይሰለቻሉ። ጠዋት አሞራ ገደል ይወሰዱ። ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ዓሣ አጥማጆቹን ከበው ሲለምኑ ካዩ ዓመቱን ሙሉ ያወሩታል። የዓሣ ሾርባውም በጾም ካልሆነ አይቀርም።

የፒያሳው (አዲስ ሙሽራ)፦

እህቴ ያለችው መኪና ላይ ልጨምር። ባለፈው ከሐዋሳ ስንመለስ ያሳፈረን መኪና ሞጆ ሳንደርስ ጎማው ፈነዳ። ትርፍ ጎማ የለውም። ሹፌሩ ሌላ መኪና እስኪለምን ሦስት ሰዓት ጨለማ ውስጥ ቆምን። የሁላችንም ስልክ ባትሪ አልቆ ነበር። ቤት የደረስኩት ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ነው። ባለቤቴ መብራት አብርታ ልብሷን እንደለበሰች ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ምንም አልተቆጣችም፣ እጄን ብቻ ያዘች። እጇ በረዶ ነበር።

ውል ከመፈረማችን በፊት ሁለት ሰው ሄዶ ትርፍ ጎማውን፣ ክሪኩንና የሹፌሩን መንጃ ፈቃድ በዐይኑ ይይ። ማታ የሚነዳ ሹፌር ከሆነ ደግሞ ቀን ይተኛ፣ ወይም ሁለት ይሁኑ። ከሐዋሳ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ ዐይቶ በዚያው ሌሊት መመለስ ይቅር። ፊርማውን ስላወጣችሁልኝ አመሰግናለሁ። ናይሮቢንም ለጊዜው ትቼዋለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

እንደገና ጻፍኩት። አንብቡትና ቃል ካልተስማማችሁ በሉኝ።

«ማኅበሩ በዓመት ሁለት ጉዞ ከቤተሰብ ጋር ያዘጋጃል፤ አንዱ ደርሶ መልስ፣ ሌላው አዳር። ከጨዋታ በኋላ በዚያው ሌሊት ረጅም መንገድ አይነዳም። የጉዞው ወጪ ከመስከረም ጀምሮ በየወሩ ከሚሰበሰበው 500 ብር ብቻ ይሸፈናል፤ ለጉዞ ብድር አይሰጥም። ቀኑ፣ ወጪውና የመመለሻው ሰዓት ከሁለት ሳምንት በፊት ለባልም ለሚስትም ይላካል። ልጆች በግማሽ ዋጋ የራሳቸው ወንበር ይኖራቸዋል። መኪናው ከውል በፊት ይታያል። በየጉዞውና በየምሽቱ ጨዋታ ስልኩ ክፍት የሆነ ተረኛ ይመደባል። ማኅበሩ የምሽት ጨዋታ የሚያሳየው በሳምንት አንድ ጊዜ ሲሆን፣ ርቀው የሚኖሩ አባላት በአንድ ታክሲ ተዳብለው ይመለሳሉ፤ ሒሳቡን ሁሉም ይካፈላል።»

የመጨረሻው የእኔ ጭማሪ ነው። ገላን የሄደው ወንድማችን ሰፈር ስለለቀቀ ብቻ ብቻውን መክፈል የለበትም። መሀል ከተማ የቀረነው እናካፍለው።

ገንዘብ ያዥ፦

እስማማለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ «ከመስከረም» የሚለውን «ከመስከረም 5» አድርገው። አዲስ ዓመቱ የበግና የዶሮ ወጪ አለበት፣ ከዚያ ደግሞ የትምህርት ቤት ምዝገባ አለ። ቀኑ ካልተጻፈ በየቤቱ ክርክር ይሆናል። ባለቤቴም አንብቦታል። ቀድሜ ልክፈል ብሎ 500 ብር ሰጥቶኛል፣ መዝገቡ ላይ የመጀመሪያው እሱ ነው።

ጋሼ (የለገሃሩ)፦

የመነሻው ቦታ አልተጻፈም። አንበሳው ሐውልት ጋ ይሁን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት። ልጅም አይጠፋበትም።

ከካዛንቺስ የተነሣሁት፦

ጋሼ፣ ከገላን በዚያ ሰዓት ለመድረስ አሥር ሰዓት መነሣት አለብን። መኪናው ወደ አዳማም ወደ ሐዋሳም ሲሄድ በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው። ቱሉ ዲምቱ፣ የፍጥነት መንገዱ መግቢያ ሳይደርስ ቢያሳፍረን አይሻልም? ሦስት ወንበር ይያዝልን። ልጄ በመስኮት በኩል ትፈልጋለች።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ይሻላል። አንበሳው ጋ 12 ሰዓት፣ ቱሉ ዲምቱ ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ብዬ አስገብቼዋለሁ። የኮስተሩን የወንበር ብዛት ነገ ጠዋት ጠይቄ እጽፋለሁ።